ከታጁራ ባሕር ዳር እስከ ኮረሚ ኮረብታ፤ በዕረፍታችን የከፈልንባቸው አገልግሎቶች

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ታኅሣሥ ከቶሮንቶ ወደ ድሬዳዋ የመጣነው ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ለሃያ ሁለት ዓመታት «ለሚቀጥለው» እያልን ያሳደርነውን አንድ መንገድ ለመሄድ ጭምር ነበር። መንገዱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ባሕር ወርዶ፣ ታጁራ ሰንብቶ፣ ተመልሶ ደግሞ ወደ ሐረርና ከሐረር ባሻገር ወዳሉት የኮረብታ መንደሮች የሚወጣ ነው። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ስሆን፣ ባለቤቴ ጎንደሬ በመሆኑ ይህን አገር የሚያውቀው በእኔ ወሬ ብቻ ነበር። ከዚህ በታች የጻፍሁት ገንዘብ ከፍለን ስለተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች ነው፤ ቅር ያሰኙንን በስም አልጠራቸውም፣ ጉድለቱ የአንድ ቤት ብቻ ነው ብዬ አላምንምና። በሁለቱ ሳምንታት በየደረስንበት ጥሩ መስተንግዶ አግኝተናል፤ ዋጋውንና ሰዓቱን አስቀድሞ ሳያድበሰብስ የሚነግረን ሰው ግን በቀላሉ አላገኘንም።

ነገሩ የጀመረው ከሆቴል ነው። አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ የደረስነው ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከሁለት ወር በፊት በኢንተርኔት ክፍል አስይዘን፣ ዋጋው የተጻፈበትንም ወረቀት አትመን ይዘን ነበር። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ካነበበ በኋላ ለባለቤቴ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የበፊቱ ነው፤ አሁን የንግሥ ዋጋ ነው» አለው። የንግሡ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ከመሆኑም በላይ፣ የውጭ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የሚታሰበው በዶላር ነበር። በታኅሣሥ 19 ሰሞን ምእመኑ ከየአገሩ ስለሚጎርፍ አልጋ እንደሚጠፋ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ በልጅነቴ ጎረቤቶቻችን ሳሎናቸውን ለቁልቢ እንግዳ ሲለቁ አይቻለሁ፣ ዋጋ መጨመሩም አያስገርመኝም። ያስከፋኝ ንግሡ የሚውልበት ቀን ከዓመት ዓመት የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ጭማሪው ሻንጣችንን አራግፈን ከቆምን በኋላ መነገሩ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችንን፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ስናሳይ ኃላፊዋ ወጥተው «አብሽሩ፣ እንስማማለን» አሉና በመሀል ዋጋ ጨረሱልን። ቢጫ ካርዱ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ የሚያስገባ ሰነድ እንጂ የሆቴል ቅናሽ ደብዳቤ አይደለም፤ ቢሆንም ከቦርሳችሁ ሥር አትቅበሩት። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ ማቀዝቀዣውም ይሠራል፣ ሙቅ ውሃው ግን የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ነው። የሆቴሉ ቁርስ የሚመሰገን ባለመሆኑ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የደቻቱን ወንዝ እየተሻገርን መጋላ ሰፈር ውስጥ ፈቲራ በማርና ፉል በላን፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ሌላ ቁርስ አልጠየቀም።

በከተማው ውስጥ ለመዘዋወር ባጃጅ በቂ ነው። ለግማሽ ቀን የተኮናተርነው ልጅ ዋጋውን ሳንሳፈር ተናግሮ፣ ቤንዚን ተወደደ ብሎ ሳይጨምር፣ ቀኑን ሙሉ በተናገረው ጸና። ለገሃር ወስዶን የድሮውን ጣቢያና ጋራዡን ፈቃድ ጠይቀን አየን። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው አቀበት ለባቡር የሚመች ስላልነበረ ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ላይም «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ወስዷል። ያስጎበኙን ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ የመሣሪያዎቹን ስም በፈረንሳይኛ እየጠሩ፣ ታሪካቸውን በአማርኛ እየተረኩ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩን። የአባቴን ስም ስነግራቸው ግን ገንዘቡን አልቀበልም ብለው አስቸገሩኝ፤ በመጨረሻ ያስቀመጥሁት በባጃጁ ልጅ በኩል ነው።

የባቡሩን ትኬት በአንድ የጉዞ ወኪል በኩል ለማስቆረጥ መሞከራችን ስሕተት ነበር። ወኪሉ በስልክ መልእክት ማክሰኞ ነው አለን፤ ማክሰኞ ጠዋት ከተማው ዳር ወዳለው አዲሱ ጣቢያ ስንሄድ የዚያ ቀን ባቡር እንደሌለ ሰማን። ባቡሩ በየቀኑ የሚሄድ ስላልሆነ የአንድ ቀን ስሕተት መላውን ዕቅድ ያዛባል። እዚያው መስኮቱ ላይ ፓስፖርት አሳይተን ራሳችን ቆረጥን፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ለዚህ ሥራ ለወኪል የምትከፍሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ጉዞው ራሱ ያማረ ነበር። መስመሩ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ነው። ከድሬ ወዲያ መሬቱ እየጠቆረ፣ ግራሩ እየሳሳ ይሄድና ደወሌ ላይ ከአገር ይወጣል፤ ከዚያ አሊ ሳቢህን አልፎ ከጅቡቲ ከተማ ዳር ናጋድ ላይ ያወርዳል። በአንድ ፉርጎ ውስጥ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ፈረንሳይኛ ሲደባለቅ የሰማ ባለቤቴ የልጅነት ወሬዬን ያን ጊዜ አመነ። የጅቡቲን ቪዛ በኢንተርኔት ቀድመን ስለያዝን ድንበር ላይ አልዘገየንም። ምግብና ውሃ ከቤት ይዞ መሳፈር ይሻላል።

ጅቡቲ ከተማ ውድ ነው፤ የድሬ ሆቴል ተወደደ ብሎ ያጉረመረመ ሰው እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። ሆኖም አንድ የምወድለት ነገር አለ። ፍራንኩ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር በ177.721 ተተምኖ የቆመ በመሆኑ የተነገረን ዋጋ ጠዋትም ማታም ያው ነበር። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ግን የአገር ቤት ነጋዴ ለዶላር ያዥ ዋጋ ሲናገር በየጊዜው ሒሳብ እንደሚሠራ ታያላችሁ፤ በዚህ አልፈርድበትም። እኩለ ቀን ሲሆን ሱቁ ሁሉ ይዘጋና ከተማው ጫት ይጠብቃል፤ ጫቱም የእኛው የሐረርጌ ጫት ነው። ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ልፈጽም ብሎ የሚወጣ እንግዳ በፀሐይ ከመንከራተት ሌላ ትርፍ የለውም። ማታ ማታ ከምድጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጠበሰውን የየመን ዓሣ ከትልቅ ቂጣ ጋር በእጃችን በላን፤ በጉዞው ሁሉ ከበላነው የሚበልጠው እሱ ነው።

ወደ ታጁራ የሄድነው በኮንትራት መኪና የባሕረ ሰላጤውን ዳር ዞረን፣ አሳል ሐይቅንም ወርደን አይተን ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ስፍራ ሲሆን፣ ጨዉ ላይ በባዶ እግር መራመድ ያቆስላል። ስንመለስ በመርከብ ተሻገርን፤ መርከቡ የሚነሳባቸውን ቀናት ግን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና ሰባት መስጊዶች ያሏት፣ ከጀርባዋ የጎዳ ተራሮች የቆሙባት ትንሽ የአፋር የባሕር ከተማ ናት። ያረፍንበት ቤት ዐሥር ክፍል እንኳ አይሞላም፤ አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው፣ መብራቱም ሄደት መጣ ይላል። ባለቤቱ ግን ደሴ የተማሩ ሆነው አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል፤ የክፍሉን፣ የምግቡንና የጀልባውን ዋጋ ገና ሻይ ሳይቀርብ አንድ በአንድ ቆጥረው ነገሩን። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር በዚያ ባሕር የሚታየውን ትልቁን የዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት በጀልባ ወጣን፤ ባለቤቴ ሲያየው እጄን ጨምቆ አሳመመኝ።

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚያደርሰውን ጠመንጃ ይዞ ለወራት የተቀመጠው በዚችው ታጁራ ነው፤ ቅፍለቱ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1886 ነበር። ሐረር ስንደርስ በስሙ የሚጠራውን ባለ ቀለም መስታወት ቤት ጎበኘን፤ ቤቱ ከእሱ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ በመሆኑ ራምቦ አልኖረበትም፣ ያነሳቸው ፎቶግራፎች ግን ሊታዩ ይገባል። ከአሳል ተነስቶ በሳምንት ውስጥ 1,885 ሜትር ላይ ላለችው ሐረር የደረሰ ሰው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወጥቷልና፣ የመጀመሪያውን ምሽት ሹራብ ያስፈልገዋል።

በግንብ በታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ያደርነው ለእንግዳ በተከፈተ የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር በሚሉት ነው። ሳሎኑ በቀይ የተቀቡ አምስት ነደባዎች፣ ማለትም ከፍ ያሉ የመቀመጫ መደቦች አሉት፤ ሰው የሚቀመጥባቸውም እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ነው። ባለቤቴ ሳያውቅ አሚር ነደባ ላይ ወጥቶ ተንሰራፋ፤ የቤቱ እመቤት ስቀው «ይቀመጡ፣ ዛሬ አሚር እርስዎ ነዎት» አሉት። መታጠቢያው የጋራ ነው፣ ደረጃውም ለጉልበት ሕመምተኛ አይመችም። ከዚህ በቀር እንከን አላገኘሁበትም። ጠዋት የቡና ቅጠልና ገለባ ፈልተው ቀረቡልን፣ የቤቱ ዋጋም በሩ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተለጥፏል።

አስጎብኚን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሩ ላይ «በነፃ ነው የማሳያችሁ» ብሎ የተከተለን ወጣት ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጠየቀው ገንዘብ፣ ማግስቱን ባጅ ያለው አስጎብኚ ለሙሉ ቀን ከጠየቀን በልጧል። ባለ ባጁ የራሱን፣ የሙዚየሙንና የጅብ መጋቢውን ክፍያ በደብተር ቅዳጅ ላይ ለይቶ ጽፎ ሰጠን። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጀጎል፣ ከ368 መተላለፊያዎቹ መካከል ጥቂቱን፣ ከ82 መስጊዶቹም በዐሥረኛው ምዕተ ዓመት የተሠሩትን አዞረን። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ለአንድ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሰጥቼ ነበር፤ ለዐሥር ሰዓት አለኝ፣ ለዐሥር ሰዓት አደረሰ፣ ልኩም ልክ ነው። ማታ ሐረሪዎች ወራባ የሚሉትን ጅብ ከጀጎል በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ውጭ ለማየት ስንሄድ ቀድመን በመድረሳችን ጥሩ ቦታ አገኘን፤ በኋላ መኪናዎቹ ሲበዙ የሚታየው ከጅቡ ይልቅ የሰው ስልክ ነው።

ኮረሚ የአርጎባ መንደር ናት፤ ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ፣ የኤረርን ሸለቆ ቁልቁል ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ፣ ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል። ርቀቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ባይበልጥም የመጨረሻው መንገድ ድንጋያማ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሹፌሩ ሳንጠይቀው ነግሮን፣ ዝናብ ከጣለ እንደሚመለስና ግማሹን ብቻ እንደሚያስከፍል ቀድሞ አስታውቆናል። ዝናብ አልጣለም። መንደሯ ውስጥ ሱቅም ምግብ ቤትም ስላላገኘን ውሃና ዳቦ መያዛችን በጀን። አንዲት አሮጊት ሰፌድ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ባለቤቴ በውጭ አገር ልማዱ ስንት ይቀንሳሉ ብሎ ሊጀምር ሲል፣ እሳቸው ዋጋውን አንዴ ነገሩትና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። የተባለውን ከፈለ። ፀሐይዋ ኤረር ላይ ስትዘቀዝቅ፣ በተባባልነው ሰዓት፣ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀን።