ሲሊኮን ገላ ወይስ ባለመገጣጠሚያ ፕላስቲክ?

30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ላላቸው፣ በ1/6 ልኬት (ከእውነተኛ ሰው ስድስት ጊዜ አንሰው) ለሚሠሩ የሰው ቅርጽ አሻንጉሊቶች የቱ ገላ ይሻላል?

ዋጋ፦ ፕላስቲኩ ይረክሳል። ሲሊኮኑ ኪስ ይጎዳል።

መልክ፦ እንደ ቲቢሊግ (TBLeague) ያሉ አምራቾች የሚሠሯቸው የሲሊኮን ገላዎች ውስጣቸው የብረት አጽም ስላለ መገጣጠሚያቸው ከውጭ አይታይም፤ ክንዱን ስታጥፉት ቆዳው አብሮ ይተጣጠፋል። የፕላስቲኩ ጉልበትና ክርን ግን ያስታውቃል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ሲሊኮኑ አስቸጋሪ ነው። የጥቁር ልብስ ቀለም ይመጥጣል፣ ከያዘው ደግሞ በሳሙና ብትፈትጉት ወይ ፍንክች (እኔ ከሱሪው ስር ነጭ ስስ ጨርቅ እጠቀልልለታለሁ፣ ሳቁብኝ)። እጁን አጥፋችሁ ለወራት ከተዋችሁትም ክርኑ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። የፕላስቲኩ መገጣጠሚያ ደግሞ በጊዜ ብዛት ሊላላ ይችላል።

ሙሉ ዩኒፎርም ለለበሰ ወታደር ፕላስቲኩ ይበቃል። ክንዱና ደረቱ ለሚታይ ተዋጊ ሲሊኮኑ፣ ግን ቀጥ ብሎ ይቁም።