«ቆጣሪህ በስምህ ነው?» የኤሌክትሪክ መኪናዬ ከ14 ወር በኋላ

ቪትዜን ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁት ታኅሣሥ 2017 ላይ ነው። ወር ሳይሞላ ቤንዚን ከ91 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ዘለለ። ቤተሰቡ ሁሉ «አንቺ ብልጥ ነሽ» አለኝ። አሁን 14 ወር ሞላኝ። ብልጥ መሆኔን የማምነው እንደ ቀኑ ነው።

መኪናዋ ትንሽ የቻይና ሥሪት ናት። ባትሪዋ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ስሟን አልጠራም፤ የሌላ ብራንድ የገዙ ጓደኞቼም የሚያማርሩት በዚሁ ነው።

ከደስታው ልጀምር። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። ለዚህ መንገድ ቪትዟ 70 ሊትር ትጠጣ ነበር። በ101 ብሩ ሒሳብ ከ7,000 ብር በላይ ማለት ነው። አሁን ቆጣሪዬ ላይ የሚጨምረው 400፣ ሲበዛ 500 ብር ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንደሚቀጥል አውቃለሁ። ቢጨምርም ከቤንዚኑ ጋር አይገናኝም። ዘይት መቀየር የለም። የፍሬን ሸራዋ ገና አልተነካም፤ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ጉልበቱንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከእንጦጦ ስወርድ ፐርሰንቱ ሲጨምር ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም። የማደያ ሰልፍ አጠገብ ሳልፍ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ ይለኛል።

ወረቀቱ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። የቻይናው መለኪያ ለጋስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 230 ካገኘሁ ተመስገን እላለሁ። ይህን በደንብ የተማርኩት አዳማ ስሄድ ነው። 100 ፐርሰንት ይዤ በፍጥነት መንገዱ ወረድኩ፤ አዳማ ስደርስ 64 ፐርሰንት ቀርቶኝ ነበር። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» አልኩ። እዚያ ቻርጅ ላደርግ ያሰብኩበት ቦታ ግን መብራት ጠፍቶ ጠበቀኝ። መመለሻው ደግሞ ዳገት ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ያን ሁሉ ከፍታ አንድ ቶን ተኩል ብረት ይዞ መውጣት ነው። በ80 እየነዳሁ፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ፣ የከባድ መኪና ጡሩምባ እየተቀበልኩ ቃሊቲ ስደርስ 13 ፐርሰንት ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሄጃውን ሳይሆን የመመለሻውን ነው የማሰላው።

መብራቱን ካነሳሁ፣ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ሰፈራችን ጨፍሯል፤ እኔም ጨፍሬያለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል አይደለም። በዚያው ወር የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና ሁለት ቀን ጨለማ ዋጥን። ጎረቤቴ «ግድቡ ጉባ ነው፣ ያንቺ መኪና ያለችው እዚህ ነው» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ድሮ የነዳጅ ቦቴ ከጅቡቲ ካልመጣ እቆም ነበር፤ አሁን የሰፈሬ ሽቦ ካልሠራ እቆማለሁ። ልዩነቱ፣ መብራት ሲጠፋ ማታ ይመጣል ብዬ ተስፋ ማድረግ እችላለሁ።

ደግነቱ የራሴ ግቢና የራሴ ቆጣሪ አለኝ። ለቻርጀሩ ብቻ ወፍራም ገመድ አስጎትቼ ማብሪያ ማጥፊያውን ለየሁት። መጀመሪያ በኤክስቴንሽን ስሞክር ሶኬቱ ቀልጦ ነበር። አትሞክሩት።

ያልጠበቅኩት ችግር ግን ከትልቁ ባትሪ አልመጣም። ሌሎች መኪኖች ላይ እንዳለው ዓይነት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት። አንድ ጠዋት እሱ ሞተ። ትልቁ ባትሪ 80 ፐርሰንት ሞልቶ፣ በሩ አልከፈት አለ። ገፍቶ ማስነሳት የሚባል ነገር የለም። መካኒኩ መጥቶ ዞር ዞር አለና «እህቴ፣ ይቺ ኮምፒውተር እንጂ መኪና አይደለችም» አለኝ። ኮምፒውተሯም አማርኛም እንግሊዝኛም አታውቅም፤ ስክሪኑ በቻይንኛ ነው። የስልኩ አፕ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያ ሲበራ ፎቶ አንስቼ በስልኬ አስተረጉማለሁ። አንዴ ተደናግጬ ያስተረጎምኩት «የኋላ በር አልተዘጋም» የሚል ነበር።

መንግሥት ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ሲያሳውቅ ምክንያቱ ገብቶኛል። ቤንዚን በዶላር ይገዛል፣ መብራታችን ከ90 ፐርሰንት በላይ ከራሳችን ውኃ ይመነጫል። ከዚያ ቀደም ብሎ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ 15 ፐርሰንት፣ በከፊል ተበታትኖ ለሚገባ 5፣ ሙሉ በሙሉ ለተበታተነ ዜሮ ተደርጎ ነበር። ግዙ ተብለን ገዛን። ግን በር ከፍቶ ማስገባት አንድ ነገር ነው፣ የገባውን መቆጣጠር ሌላ። ለዓመታዊ ምርመራ ስወስዳት ፍሬንና መብራት ታየ፤ ባትሪውን ያየው የለም። የዚች መኪና ዋጋ ግን ባትሪው ነው። በቅርቡ እንዲያው ልወቀው ብዬ ደላላ አስጠራሁ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ባትሪው ስንት ቀርቶታል?» ነበር። የማሳየው ወረቀት የለኝም። ከገዛሁበት ሲሶውን ቀንሶ ጠራልኝ። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ መመራት ከጀመረ ወዲህ መቼም ሁሉ ነገር ሲወደድ ነው የማየው፤ የኔዋ ግን ረከሰች። ቪትዜን የገዛው ሰውዬ ዛሬ ቢሸጣት ያተርፋል። እኔ ብጠየቅ፣ እያንዳንዷ መኪና ስትሸጥ የባትሪ ምርመራ ውጤት ከሊብሬው ጋር ይያያዝ፣ ቻይንኛ ብቻ የሚያወራ መኪናም አይግባ እል ነበር።

አልሸጥኳትም። ከቤንዚን የሚተርፈኝ ብር በየወሩ ኪሴ እየቀረ ልዩነቱን ቀስ እያለ ይመልሰዋል ብዬ አስቤያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ «ልግዛ ወይ?» ብሎ ደወለ። «ቆጣሪህ በስምህ ነው?» አልኩት። ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ትንሽ ዝም አለና፣ ከመስኮቱ እስከ ፓርኪንጉ ስንት ሜትር ገመድ እንደሚፈጅ ሊለካ ወረደ።