ቅባት የጋገረበትን ሞተር ለማጠብ፦ ናፍጣ ወይስ የዱቄት ሳሙና?

የግፊት ማጠቢያ በሌለው ትንሽ ጋራዥ ውስጥ በእጅ የሚገኙት አማራጮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ ናፍጣ በብሩሽ ወይም የዱቄት ሳሙና በሙቅ ውኃ።

በጉልበት ረገድ ናፍጣ ይበልጣል፤ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) ዳር እንደ አስፋልት የደረቀውን ቅባት ለጥቂት ደቂቃ አርሶ ያላላዋል፣ ሳሙናው ግን አስቀድሞ በእንጨት መፋቅን ይጠይቃል። በወጪ ሳሙናው ርካሽ ነው።

በአደጋ ረገድ ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ ባይቀጣጠልም (በቤንዚን ማጠብን ጨርሶ አልመክርም) በጋለ ሞተር ላይ ሊረጭ አይገባም፤ ቺንጋን (የሞተሩን የጎማ ቀበቶ) እና የጎማ ቱቦንም ይጎዳል፤ እጣቢውም በሳፋ ተጠራቅሞ መወገድ እንጂ ወደ ቦይ መደፋት የለበትም። በሳሙናው በኩል የሚያሰጋው ውኃው ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ካልተፈታ፣ ዲናሞው፣ ስፒንትሮጄኖው (የኤሌክትሪክ ብልጭታ አከፋፋዩ) እና የአየር መሳቢያው በፌስታል ካልተሸፈኑ፣ ከታጠበ በኋላ አልነሳም የሚል መኪና መግፋት ሊመጣ ይችላል።

ሞተሩ ወርዶ የሚፈታ ከሆነ ናፍጣን እመርጣለሁ። ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት ከሆነ ግን ናፍጣ የሚተወው ስስ ቅባት አቧራ እየሳበ ስለሚያሳስት፣ በሳሙና ታጥቦ በደረቀ ብረት ላይ አዲሱን ጠብታ መፈለግ ይሻላል።