ዶሮዎቼን ለታደጉልኝ አናጢ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ዶሮ ለቅቆ የሚያረባ ሰው ሁሉ እንዲያውቃቸውም እፈልጋለሁ። ሙያቸው አናጢነት ነው፤ የዶሮ ቤት፣ አጥርና መረብ ይሠራሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና አገናኘዋለሁ።

ዶሮዎቻችን ቀኑን ሙሉ ተለቀው ነው የሚውሉት። መሬት ይጭራሉ፣ ትል ይለቅማሉ፣ አፈር ላይ ይንከባለላሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። እንዲህ የምትውል ዶሮ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ግን ብዙ ጠላት አላት። ከሰማይ ጭልፊት ይመጣል። በምድር ሸለምጥማጥ፣ ፋሮ፣ ቀበሮ፣ የዱር ድመትና ባለቤት ያለው ውሻ ሳይቀር አለ። እባብና አይጥ እንቁላልና ጫጩት ፍለጋ ይመጣሉ። ቁራም አይታመንም። እኛ ጋ መጀመሪያ የጠፉት ጫጩቶች ናቸው። ቀጥሎ ቄቦቹ፣ ከዚያ እንቁላል የሚጥሉትም ተነኩ። የጠየቅነው ሰው ሁሉ «ጭልፊት ነው» አለን። ወጥመድ አጥምዱ ያለን አለ። መርዝ አስቀምጡ ያለንም አለ።

ጋሼ ሲመጡ ሜትር አላወጡም። ስለ ዋጋም ምንም አላሉም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ላባው የታለ?» ብለው ነው። ዶሮ ወድቃ የተገኘችበትን ቦታ አሳየኋቸው። ቁጭ ብለው ላባውን አንድ በአንድ ያነሱ ጀመር።

እዚያው ያስረዱኝን ለሁላችሁም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጭልፊት ዶሮ ሲይዝ ላባዋን በምንቃሩ እየነቀለ ይጥላል። ስለዚህ ላባው አንድ ቦታ ተከምሮ ይገኛል፤ የላባው ግንድም፣ መሀሉ ያለው ጠንካራ ዘንግ፣ ሙሉ ነው። ብዙውን ጊዜ ከደረቷ ሥጋ ይጀምራል። ትልቅ ዶሮ ከሆነች ተሸክሞ መብረር ስለማይችል እዚያው ይበላታል። ጥርስ ያለው አውሬ ግን ላባውን ነክሶ ነው የሚጎትተው። የላባው ግንድ ተቆርጦ ወይም ተሰባብሮ ይገኛል። ዶሮዋ ያለ ምንም ምልክት ድራሿ ከጠፋ ቀበሮን የመሰለ ተሸክሞ የሚሄድ አውሬ መጠርጠር ነው። በአንድ ሌሊት ብዙ ዶሮ ተገድሎ ሳይበላ ከተገኘ ደግሞ ውሻ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዶሮ ቤት ውስጥ ገብቶ ግርግሩ ያሰከረው ትንሽ አውሬ። እንቁላል ያለ ቅርፊት ስብርባሪ ከጠፋ እባብ መጠርጠር ነው፣ ሙሉውን ነውና የሚውጠው።

አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ጭልፊት የገደላትን ዶሮ በኋላ ድመት ወይም ውሻ መጥቶ ሊጎትታት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈርዱም። ሰዓቱን ይጠይቃሉ። ጭልፊት የሚያድነው በቀን ነው። ማታ ቆጥ ላይ ሰፍራ ጠዋት የታጣች ዶሮ በጭልፊት አትመካኝም። እኛ ግቢ ላባው ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ጠዋት የታጡት ሌላ ወሳጅ ነበራቸው፣ በቀን የጠፉት ሌላ። ሰው ሁሉ በአንድ ስም የጠራው ሌባ ሁለት ነበር። ይህን ያየልኝ ሌላ ሰው አልነበረም፣ ትልቁ ምስጋናዬም ለዚህ ነው።

ሥራውን ከሌሊቱ ሌባ ጀመሩ። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ዶሮ በጨለማ አታይም ማለት ይቻላል አሉ፤ ቆጥ ላይ ከሰፈረች በኋላ ራሷን የምታድንበት መንገድ የላትም። ስለዚህ ቤቷ ነው ሊያድናት የሚገባው። የዶሮ ቤቱን መስኮት የሸፈነውን ሽቦ ነካ አድርገው «ይሄ ዶሮ እንዳትወጣ ያግዳል፣ አውሬ እንዳይገባ ግን አያግድም» አሉኝ። ስድስት ጎን ዓይን ያለው፣ በተለምዶ የዶሮ ሽቦ የምንለው ነው። ስስ ስለሆነ ጠንካራ ጥርስና ጥፍር ያለው ይቀደዋል። ዓይኑ ሰፊ ስለሆነ ደግሞ አይጥና ትንሽ እባብ ያሳልፋል። አይጥ 2 ሴንቲ ሜትር በምታህል ቀዳዳ እንደምትገባ አስቡት። በእሱ ፈንታ የዓይኑ ስፋት 13 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የተበየደ ሜሽ አስገቡ። በትንንሽ ምስማር መትተው አልተዉትም። በብሎንና በሮንዴላ አሰሩት፣ ተይዞ ሲጎተት እንዳይነቀል። ከጣሪያው ሥር ያሉትን የአየር ማስገቢያዎችም በዚያው ሜሽ ሸፈኑ። አየሩን መድፈን አይወዱም፤ የታፈነ ዶሮ ቤት ሌላ በሽታ ያመጣል ይላሉ።

ከሁሉ የወደድኩት የመሬቱን ሥራ ነው። ቆፍሮ የሚገባ አውሬ የሚቆፍረው ከግድግዳው ሥር ነው። ስለዚህ ሜሹን ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ላይ ዘረጉት፣ በድንጋይና በአፈር ተጫኑት፣ ሣር በቀለበት። አውሬው መጥቶ ግድግዳው ሥር ሲቆፍር ጥፍሩ ሽቦ ያገኛል። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ከሽቦው ጫፍ መጀመር አይመጣለትም። ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ሽቦ ከመቅበር ይቀላል፣ ይሠራልም።

የበሩ መቀርቀሪያ ተራ ነበር። አፍንጫ ቢገፋው የሚከፈት ዓይነት። ሁለት እንቅስቃሴ የሚፈልግ፣ መጀመሪያ ተነሥቶ ከዚያ የሚሳብ አድርገው ቀየሩት። በየማታው ሳይጨልም መዝጋት፣ ጠዋት በደንብ ሳይነጋ አለመክፈት የእኛ ሥራ እንደሆነ ግን ኮስተር ብለው ነግረውናል። ቤት እየመሸበት ለሚገባ ሰው በብርሃን መጠን ወይም በሰዓት ራሱ የሚዘጋ በር አለ፤ እሱንም ይገጥማሉ። እሱ ተገጥሞም ቢሆን ዶሮዎቹ ሁሉም መግባታቸውን በዓይን ማየት ይቀራል። አንዷ ውጭ ከቀረች በሩ የሚዘጋው እሷን ውጭ ትቶ ነው።

የቀኑ ሥራ ሌላ ዓይነት ነው። ግቢውን በሙሉ በመረብ ካልሸፈናችሁት ጭልፊትን መቶ በመቶ ማገድ አይቻልም። ይህን ጋሼ ከመጀመሪያው ነግረውናል፣ ሥራ ለማግኘት ብለው አልደበቁም። የሚቻለው አደኑን ማክበድ ነው። ጭልፊት ክፍት ቦታ ይወዳል። ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ወይም ምሰሶ ላይ ቁጭ ብሎ ይመለከታል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ለመውረድም ለመነሣትም ያልተዘጋ መንገድ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከግቢው በላይ የናይለን ገመድ አግድምና ቁልቁል ወጠሩ። ብርሃን የሚመልስ ጥብጣብም አንጠለጠሉበት። ጥብጣቡ ብቻውን እንደማይበቃ ነግረውናል። ወፎች ማንኛውንም ማስፈራሪያ ይለምዱታል። የፕላስቲክ ጉጉት ገዝቶ አንድ ቦታ የሚያቆም ሰው ትንሽ ቆይቶ ቁራ ጭንቅላቱ ላይ ተቀምጦ ሊያገኘው ይችላል። የሚያስቀምጥ ካለ ቦታውን ቶሎ ቶሎ ይቀያይር። ለጫጩቶቹና ለእናታቸው ግን ገመድ አይበቃም ብለው ለብቻ ላይዋ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ማዋያ ሠሩ። መረቡን በደንብ አጥብቀው ወጠሩት። የላላ መረብ የወፍ እግርና ክንፍ ይጠልፋል፤ ጭልፊቱም ሌላው ትንሽ ወፍም እዚያ ተሰቃይቶ ይሞታል።

ከዚያ መጠለያዎቹ አሉ። እዚህ ላይ ጋሼ ዶሮን በደንብ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ይታያል። አውራ ዶሮ ከላይ የመጣን አደጋና በምድር የመጣን አደጋ በተለያየ ድምፅ ነው የሚናገረው። ሰማይ ላይ ጭልፊት ሲያይ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ሴቶቹ ሮጠው ከለላ ሥር ይገቡና ጸጥ ይላሉ። በምድር ውሻ ወይም ቀበሮ ሲያይ ደግሞ ቆርጦ ቆርጦ ይጮኻል፤ ያኔ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወዴት እንደሆነ ይፈልጋሉ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ በማግስቱ ግቢ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ እናንተም አዳምጡ። ዶሮ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ሰማዩን ስትመለከት ካያችሁ እናንተም ቀና በሉ።

ግን አውራው ቢጮኽም የሚገቡበት ከሌለ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው ዝቅ ያሉ ጠረጴዛ መሰል መጠለያዎች ከተራረፈ እንጨት ሠሩ። ጎናቸው ክፍት ነው። ግድግዳ እንዲሠሩላቸው ጠይቄ ነበር፣ እምቢ አሉ። ግድግዳ ካለው ድመት ወይም ፋሮ ተደብቆ ይጠብቅበታል፤ ዶሮዋም በአንድ በኩል ሲመጣባት በሌላው መውጣት አለባት። ከዶሮ ቤቱ አጠገብ የነበረውን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦም በዚሁ ምክንያት ከሥሩ አሳጠሩት። ቅጠሉ ከላይ ቀረ፣ ሥሩ ግን ወለል ብሎ ይታያል።

መኖ የምንበትንበትንም ቦታ ቀየሩት። ሜዳ ላይ የተበተነ እህል የዱር ወፎችንና አይጥን ይሰበስባል፣ እነሱን ተከትሎ ጭልፊትና እባብ ይመጣል። አሁን የምንመግበው በጣሪያ ሥር ነው። ማታ የተረፈውን እናነሣለን። ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ አናጢ ስለ መኖ ያስባል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

ጭልፊቱን ግደሉልን ለሚል ሰው ጋሼ አይሠሩም። በዚህ በጣም አከብራቸዋለሁ። በብዙ አገሮች አዳኝ ወፍ መግደል ሕግ የሚከለክለው ነው። ሕጉን ትተን ብናየውም አንዱ ጭልፊት ሲሞት ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። አይጡን የሚቀንስልን ደግሞ እሱ ራሱ ነው። መርዝ ከሁሉ የከፋ ነው። መርዙን የበላ አይጥ በጭልፊት፣ በጉጉት ወይም በድመት ሆድ ይገባል፣ ሞቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። እኔም እንደ እሳቸው አምናለሁ። ዶሮ ለቅቄ የማረባው ሕይወት ያለበት ግቢ ስለምወድ ነው፣ ጭልፊቱም የዚያው አካል ነው።

ውጤቱን ደግሞ በሐቅ ልናገር። ሜሹ ከገባ ወዲህ በሌሊት የጠፋ ዶሮ የለም። ቆፍሮ የሞከረ አለ፣ ሽቦው ላይ ጥፍሩን ትቶ ሄዷል። ጭልፊቱ አሁንም ይመጣል። አንዴ ዶሮ ያገኘበትን ቦታ ስለማይረሳ መጀመሪያ ሰሞን ደጋግሞ ነበር የሚመላለሰው። ያኔ ጋሼ ባሉን መሠረት ዶሮዎቹን ለተወሰነ ጊዜ ዘግተን አቆየናቸው። ባዶ እጁን እየተመለሰ ሲሄድ ጉብኝቱ ቀነሰ። አሁን ሲያንዣብብ አውራው ይጮኻል፣ ሁሉም ጠረጴዛው ሥር ይገባሉ፣ እሱም ዞሮ ይሄዳል።

ስለ አሠራራቸውም ትንሽ ልበል። ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ይናገራሉ፣ መሀል ላይ አይጨምሩም። በቀጠሮ ሰዓት ይገኛሉ። የማያስፈልጋችሁን አያሠሯችሁም። እኔ ሌላ አጥር ልጨምር ብዬ ነበር፣ «ገንዘብሽን ያዢ ልጄ» ብለውኛል። ሥራ ጨርሰው ሲሄዱ የተቆራረጠውን ሽቦ ሁሉ ለቅመው ነው የሄዱት፤ ዶሮ የሚያብለጨልጭ ነገር ትውጣለችና። ከዚያ በኋላም ነፋስ ከነፈሰ ማግስት እየደወሉ መረቡ ላልቶ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልትጠሯቸው የምታስቡ ሰዎች፣ ዶሮ የጠፋበትን ቦታ አትጥረጉ። ላባውን እንዳለ ተዉት፣ ካልሆነም ከቅርብም ከራቅ ብላችሁም ፎቶ አንሡት። የጠፋችበትን ሰዓት፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ በደንብ አስታውሱ። እስኪመጡ ድረስ ዶሮዎቹን ዘግታችሁ አቆዩ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው።