የሲዲ ክምችትን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፦ ገንዘቡ የቱ ላይ ይውጣ?

ሲዲን ከመደርደሪያ አውርዶ ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ዲስኩን የሚያነብ ድራይቭ፣ ዘፈኑን የሚገለብጥ ፕሮግራም፣ የተገለበጠውን የሚይዝ ሃርድ ዲስክ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ክምችታችሁ በብዛት የሀገር ቤት ዘፈን ከሆነ ለፕሮግራም ገንዘብ አታውጡ፤ ያላችሁን ድራይቩና ሃርድ ዲስኩ ላይ አውሉት። መደርደሪያው በጃዝ፣ በሬጌና በሌላ የውጭ ሙዚቃ ለተሞላ ሰው ግን ምክሬ ሌላ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ፕሮግራሞቹ ጋ ስንደርስ ይታያል።

ከመግዛት በፊት፦ ዲስኩ ምንድን ነው?

እኛ ቤት ሲዲ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ሆዱ ብርማ ነው። በየሱቁ ራይት ይደረግ የነበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሦስተኛው መቶና ከዚያ በላይ ዘፈን የታጨቀበት የኤምፒ3 ዲስክ ነው። ይሄኛው ልዩ ፕሮግራም አይጠይቅም፤ ፋይሎቹን እንደ ማንኛውም ዶክመንት ኮፒ አድርጎ ማውጣት ብቻ ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው ራይት ለተደረገው ነው። መረጃው የተቀመጠው በቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዘዋል፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ዓመታት የከረመ ዲስክ ካላችሁ ዛሬውኑ ጀምሩት። ሱቁ ዘፈኑን ከኤምፒ3 አንስቶ ኦዲዮ ሲዲ አድርጎት ከነበረ ግን ብዙ አትጠብቁ። በምንም ዓይነት ጥራት ብትገለብጡት ኤምፒ3ው ቀድሞ የጣለው ድምፅ አይመለስም።

ድራይቭ፦ ስሱ፣ ወፍራሙና የአፕሉ

የዛሬ ላፕቶፖች የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ምርጫው ከሦስት አይዘልም።

ስሱ የዩኤስቢ ዲቪዲ ራይተር በቀላሉ የሚገኘውና ዋጋው የሚቀለው ነው። ኤልጂና አሱስ የሚሠሩት እዚህ ውስጥ ይገባል። ኃይሉን ከዩኤስቢው ገመድ ስለሚያገኝ ሌላ ሶኬት አይፈልግም። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፦ ደካማ የዩኤስቢ ማስገቢያ ላይ ሲሰካ፣ በተለይ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲሆን፣ ዲስኩን እያሽከረከረ መሃል ላይ ይጠፋል። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ፣ የራሳችሁን የተጫረ ሲዲ አስገብታችሁ ሞክሩት። አዲስ የሚያብለጨልጭ ዲስክን የትኛውም ድራይቭ ያነባል።

ወፍራሙ የዴስክቶፕ ድራይቭ ነው። አሮጌ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ውስጡ ያለው ድራይቭ ከስሱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሲዲን ከመደበኛው የማጫወቻ ፍጥነት እስከ 48 እጥፍ ያነባል፤ ስሱ አብዛኛውን ጊዜ 24 ላይ ይቆማል። ፍጥነቱ ያን ያህል አያጓጓኝም፤ የምወደው ዲስኩን ጠበቅ አድርጎ መያዙን ነው። ፈትቶ ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ለሚፈልግ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ይህ ድራይቭ ከ5 ቮልት በተጨማሪ 12 ቮልት ይፈልጋል። ለላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚሸጠው ርካሽ የዩኤስቢ ማገናኛ 5 ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ አያስነሳውም። የራሱ አዳፕተር ያለውን ጠይቁ፤ አለዚያም ዴስክቶፑን እንዳለ ተጠቀሙበት።

የአፕል ሱፐርድራይቭ የተሠራው ለማክ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ እሠራለሁ ብሎ የሚገዛው ሰው ራሱን ያደክማል። መሳቢያ የለውም፤ ዲስኩን ይውጠዋል። ወረቀት የተለጠፈበት ወይም ጠርዙ የተሰነጠቀ ዲስክ ውስጥ ቢቀር ማውጣቱ ፈተና ነው። ሲያዩት ያምራል፤ እኔ ግን ማክ ላለውም ሰው ስሱን ባለ መሳቢያ እመክራለሁ።

ገንዘቡ ከበቃ ከአንድ ውድ ድራይቭ ሁለት የተለያዩ ርካሾች ይበልጣሉ። አንዱ እምቢ ያለውን ዲስክ ሌላው አንብቦት ቁጭ ይላል። ሁለቱ ያነበቡት አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘም ቅጂው ትክክል ስለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህ ነጥብ ለሀገር ቤት ሲዲ ምን ያህል እንደሚጠቅም ቀጥሎ ይመጣል።

ስለ ጭረት ደግሞ ይህን ያዙ። ከሆዱ በኩል ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ቀላል ጭረት እዚያው ይቀራል። መረጃው ያለው ከላይ፣ ጽሑፉ ከታተመበት ስስ ሽፋን ሥር ነው። ስለዚህ በጀርባው የተፋቀ ሲዲ ሆዱ ከተጫረው የከፋ ነው፤ የተለጠፈበትን ወረቀት ለመላጥም አትሞክሩ። ስታጸዱ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ዙሪያውን ማሸት አይሆንም።

ፕሮግራም፦ ነፃው ከሚከፈልበት ጋር

ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየርና የማኩ ሙዚክ፣ ማለትም የድሮው አይቱንስ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጡ ናቸው። አዲስና ንጹሕ ለሆነ ዲስክ ይበቃሉ። ችግራቸው ዝምታቸው ነው፦ ዘፈኑ መሃል ላይ ድራይቩ ቢሳሳት «ጨርሻለሁ» ይሏችኋል እንጂ የትኛው ሰከንድ ላይ እንደተበላሸ አይነግሯችሁም። ሙዚክን የምትጠቀሙ ከሆነ ቢያንስ የስሕተት ማረሚያውን ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት።

ለዊንዶውስ የእኔ ምርጫ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኢኤሲ ይሉታል። ለግል ጥቅም ነፃ ነው። መልኩ ያረጀ፣ ቅንብሩም የሚያሰለች ነው፤ የመጀመሪያው ምሽት በሙሉ ቅንብር ላይ ቢያልፍ አትበሳጩ። ሥራው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰከንድ ሙዚቃ ሲዲ ላይ በ75 ቁርጥራጭ ተከፍሎ ይቀመጣል። ኢኤሲ በጥንቃቄ ሞዱ ላይ ሲሆን እያንዳንዱን ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሁለቱ ካልተስማሙ 16 ጊዜ ደግሞ አንብቦ ከእነዚያ 8ቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ይፈትሻል፤ ካልሆኑም እንደገና፤ በከፋ ሁኔታ አንዷን ቁራጭ እስከ 82 ጊዜ ያነባታል። ስክሪኑ ላይ ቀያይ ነጥቦች ይደረደራሉ፣ የድራይቩ ድምፅ ይወርዳል፣ ከዚያ ይነሳል፣ መልሶ ይወርዳል። አንድ የተጫረ ዘፈን ከአንድ ሙሉ ንጹሕ አልበም በላይ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ሲያበቃ ሪፖርት ይጽፋል፤ ያልተሳካለትን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ያስቀምጠዋል።

ለማክ ኤክስኤልዲ ተመሳሳዩን ሥራ በነፃ ይሠራል፤ መልኩም ከኢኤሲ የቀለለ ነው። ሊኑክስ ላይ ዊፐር አለ፣ ትእዛዝ እየጻፈ መሥራት ለማይፈራ ሰው። ፍሪአክ በሦስቱም ላይ ይሠራል፣ ለጀማሪም አይከብድም፤ እንደ ኢኤሲ ያለ ዝርዝር ማስረጃ ግን አልጠብቅበትም።

የሚከፈልበት ዲቢፓወርአምፕ ነው፤ ለዊንዶውስም ለማክም አለ፣ ለተወሰኑ ቀናትም በነፃ ይሞከራል። ያለ ማጋነን ከሁሉም ምቹ ነው። ዲስኩን ስታስገቡ ኢንተርኔት ላይ ካሉ በርካታ ማኅደሮች የዘፈኑን ስም፣ ዓመቱንና የሽፋኑን ሥዕል ለቃቅሞ ያመጣል። ቀጥሎ አኪውሬትሪፕ ወደሚባለው የጋራ መዝገብ ሄዶ ያነበበውን ያመሳክራል፦ ሌሎች ሰዎች ያንኑ ዲስክ በሌላ ድራይቭ ገልብጠው ያገኙት የማመሳከሪያ ቁጥር ከእናንተው ጋር ከተስማማ ቅጂው ንጹሕ ነው። ኢኤሲና ኤክስኤልዲም ይህን መዝገብ ይጠቀማሉ። የምትከፍሉት እንግዲህ በአብዛኛው ለዚያ ተለቅሞ ለሚመጣው መረጃና ለምቾቱ ነው።

የሀገር ቤት ክምችት ያለው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ የሚሠራው ከእናንተ በፊት ዲስኩን የገለበጠና ውጤቱን የላከ ሰው ካለ ነው። ፓሪስ ወይም ኒው ዮርክ ታትሞ ዓለም ላይ የተሸጠ ዲስክ ሊገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ወይም ቨርጂኒያ በሚገኝ የሐበሻ ሱቅ ብቻ የተሸጠው ግን ብዙ ጊዜ «የለም» ይባላል። ስሙ ቢገኝ እንኳን አንድ ሰው እንደመሰለው በላቲን ፊደል የጻፈው ነው፤ የዘፈኖቹ ተራም አንዳንዴ የተዛባ። ዋናው ጥቅሙ ለማይደርሳችሁ ዕቃ፣ ያውም በዓለም አቀፍ ካርድ፣ መክፈል ምን ያደርጋል?

መዝገብ በሌለበት የሚተካው ራስን በራስ ማመሳከር ነው። ኢኤሲ ላይ «ፈትሽና ገልብጥ» የሚል ትርጉም ያለውን ትእዛዝ ስትመርጡ ዘፈኑን ሁለቴ ያነብና ለእያንዳንዱ ንባብ ስምንት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ይሰጣል። ኮዶቹ ከተመሳሰሉ ቀጥሉ። ካልተመሳሰሉ ዲስኩን ጠርጋችሁ በሁለተኛው ድራይቭ ሞክሩ። ሁለት ድራይቭ ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

በተቃራኒው አምስት መቶ የጃዝ ሲዲ ያለው ሰው ዲቢፓወርአምፕን ቢገዛ አይቆጭም። ለአንድ አልበም አሥር ደቂቃ መተየብ ቢቀርለት በጠቅላላው ከሰማንያ ሰዓት በላይ ነው።

ፎርማት

የአንድ ሰዓት አልበም በዋቭ 635 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፤ ሲዲው ላይ ያለው ድምፅ ሳይነካ ማለት ነው። በፍላክ ከ320 እስከ 380 ይወርዳል፤ ከድምፁ የሚቀነስ የለም፤ ሲከፈት ያው ዋቩ ነው። በኤምፒ3 በከፍተኛው 320 ኪሎቢት 144 ሜጋባይት ይሆናል፤ እዚህ ግን ከድምፁ የተጣለ አለ፣ አብዛኛው ጆሮ ባይለየውም።

በፍላክ አስቀምጡ። ከፍላክ ለመኪናና ለስልክ ኤምፒ3 ማውጣት በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፤ ከኤምፒ3 ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። ዋቭ ቦታ ከመብላቱ ሌላ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ይዞ መዞር ላይ ደካማ ነው። የአይፎን ቤተሰብ ከሆናችሁ የአፕሉ ሙዚክ ፍላክን ስለማይቀበል አላክ የሚባለው የአፕል አቻው ፎርማት ይሻላችኋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ ድምፁ አይጎዳም። ለመኪና የምታዘጋጁት ፍላሽ በፋት32 ፎርማት ይደረግ፤ የቆዩ የመኪና ቴፖች ሌላውን አያነቡም።

ስም መጻፉ

ከሁሉም የሚያለፋው ይሄ ነው፤ በገንዘብም አይገዛም። ኤምፒ3ታግ የሚባለው ፕሮግራም ለዊንዶውስ ነፃ ነው፣ ለማክ ይከፈልበታል፤ ሙዚክብሬይንዝ ፒካርድ በሁሉም ላይ ነፃ ነው። ማኅደር ላይ የማይገኝ አልበም ለሚበዛበት ሰው የመጀመሪያው ይመቻል፤ የሲዲውን ቡክሌት አጠገብ አስቀምጦ እንደ ሠንጠረዥ መሙላት ነው።

ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ታግ ይባላል። ፍላክ ፊደላችንን ያለ ችግር ይይዛል። ኤምፒ3 ላይ ግን የመጀመሪያው የታግ ዓይነት በ30 የላቲን ፊደል የተወሰነ ስለሆነ ሁለተኛውን ትውልድ ምረጡ። የመኪናው ቴፕ ያኔም ቢሆን በፊደል ፋንታ አራት ማዕዘን ሳጥን ሊያሳይ ይችላል። እኔ የፋይሉን ስም በላቲን፣ ውስጡ ያለውን ታግ በአማርኛ ማድረግን እመርጣለሁ።

አጻጻፍም ከመነሻው ይወሰን። አንዱን አልበም «ፀሐዬ ዮሐንስ»፣ ሌላውን «ጸሃዬ ዮሃንስ» ብላችሁ ከጻፋችሁት ማጫወቻው ሁለት ዘፋኝ አድርጎ ይለያቸዋል፤ ስትፈልጉም ግማሹ ዘፈን አይወጣም። የዘፋኞቹን ስም አንድ ጊዜ በፋይል ጽፋችሁ ከዚያ እየቀዳችሁ ለጥፉ።

ማስቀመጫ፣ ወይስ ለሱቅ መስጠት?

300 ሲዲ በፍላክ 105 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ ከአንድ ቴራባይት ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትናንሽ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ አንዱን ሌላ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል። ፍላሽ ለመኪና ነው፤ ማኅደር አይሆንም።

የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኅትመት የበቃን ሥራ ግለሰብ ለራሱ ጥቅም በአንድ ቅጂ ማባዛቱን ይፈቅዳል። ገልብጦ መሸጥ ወይም ማከፋፈል ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ የዚያን አገር ሕግ እዩ።

ጊዜ የሌለው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊያስገለብጥ ይችላል፤ አሜሪካና አውሮፓ በፖስታ ተቀብለው የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ዲስካችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በፍላክ ትሰጡኛላችሁ? የእያንዳንዱን ዲስክ የንባብ ሪፖርትስ አብራችሁ ታስረክባላችሁ? ለሁለተኛው ጥያቄ «ምን ማለት ነው?» ካሉ ሲዲዎቻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። እሺ ካሉም ስሙን በአማርኛ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ተስማሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ሥራ ለእናንተው ይቀራል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት።