አልትራሳውንዱ አሪፍ ነው፣ ክትባት ላይ ግን ዝም

አዲስ አበባ ውስጥ በግል ክሊኒክ የእርግዝና ክትትል ለጀመራችሁ ነው ይሄን የምጽፈው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ የጓደኞቼ ዶክተሮችም ከእኔው ብዙ አይለዩም።

መጀመሪያ ጥሩውን ላውራ። ቀጠሮ ይከበራል፣ ቤቱ ንጹህ ነው፣ ሽንት ቤቱ ሳሙና አለው (ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ)። ዶክተሩ የልጁን የልብ ምት ያሰማል፣ አያጣድፍም። ሂሳቡ ግን ወገብ ይቆርጣል።

ችግሩ ክትባት ላይ ነው። ደም፣ ሽንት፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም ታዘዘልኝ፤ ስለ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ግን ማንም ትንፍሽ ያለ የለም። ራሴ ስጠይቀው «እሱ እኛ ጋ የለም፣ ከፈለግሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተወጊ» አለኝና ወደ ስክሪኑ ዞረ። መቼ? ስንት ጊዜ? ምንም። ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባትም አነሳሁበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለእርጉዞች የሚመክረው ነው፤ «እዚህ አገር አልተለመደም» ብሎ ሳቀ። ዶክተሩ ራሱ እንዲህ ቀለል ካደረገው ስንቷ ናት ጉዳዬ ብላ የምትሄደው?

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ራስ ያዞራል፣ አግዳሚ ወንበሩም ለእርጉዝ የተሠራ አይደለም። ሲስተሯ ጋ ስገባ ግን የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የኔ ቆንጆ፣ ከዚህ በፊት ተከትበሻል? ካርድ አለሽ?» ሆነ። ብልቃጡን ከቀዝቃዛው ሳጥን አወጣች፣ ቀኑን አየች፣ ክንዴን ወጋችኝ። ሁለተኛው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ያውም ከመውለዴ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መሆን እንዳለበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ 6 ወር ቆይቶ እንደሆነ እየነገረችኝ ቀጠሮዬን ካርዱ ላይ ጻፈች። ክንዴን ትንሽ ጠዘጠዘኝ፣ አለፈ። ክፍያ የለም።

ምራታቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት «መካን ያደርጋል ይባላል እኮ» አሉ። ሲስተሯ አልተቆጣችም። «እማማ፣ እኔ በመጀመሪያው እርግዝናዬ ተወግቼ ከዚያ ሁለት ልጅ ደግሜያለሁ» አለቻቸው። መከላከያው ከእናት ወደ ልጅ እንደሚያልፍ፣ እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ ቢቆረጥ እንኳ ጨቅላውን እንደሚያድነውም አስረዳቻቸው። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ በ2017 እ.ኤ.አ. ተረጋግጦላታል፤ ጀርሙ ግን አፈር ውስጥ ነው፣ የትም አይሄድም። ክትባቱ ከቆመ ይመለሳል። ይሄንን ዶክተሩ አጥቶት አይመስለኝም። ክሊኒኩ ስለማይሸጠው ነው መሰለኝ ትዝ ያላለው።

ለክሊኒኩ ከ5 ኮከብ 3፣ እሱም ለአልትራሳውንዱ። ለጤና ጣቢያው 4። አንዱን የቀነስኩት ለካርድ ክፍሉ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ የክትባት ቀን የሚለዩ ጣቢያዎችም ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።