ማምባ፦ ከድሮን ሥር የሚንጠለጠለው የገደል ዕፅዋት ለቃሚ

በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት የና ፓሊ ባሕር ዳር ገደሎች ላይ እንደ ዊልኬሲያ ሆብዲይ ያሉ ብርቅዬ ዕፅዋት የተረፉት በአብዛኛው ፍየል ስላልደረሰባቸው ነው። ፍየል ያልደረሰበት ደግሞ ለሰውም አይመችም፤ በገመድ የሚወርድ ባለሙያ እንኳ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ስንጥቅ ውስጥ ያለችውን ጥቂት አፈር እያራገፈ ነው የሚወርደው። የካናዳው ኩባንያ አውትሪች ሮቦቲክስ ናሽናል ትሮፒካል ቦታኒካል ጋርደን ከተባለው የዕፅዋት ተቋም ጋር የሠራው፣ ዘርና ቅርንጫፍ የሚለቅመው ማምባ ይህንን ችግር በእውነት ያቃልላል።

ማምባ ራሱ ድሮን አይደለም። የራሱ ፕሮፔለሮች፣ ካሜራ፣ መያዣና መቁረጫ ያለው ክንድ ሆኖ ከድሮን ሥር በገመድ ይንጠለጠላል። ብልሃቱም ያለው ገመዱ ላይ ነው። ድሮን ገደሉን በቀጥታ ከተጠጋ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ ያናውጠዋል፤ ዓለቱ የሳተላይት ምልክት ስለሚጋርድበት ባለበት መቆም ያቅተዋል፤ የፕሮፔለሩ ንፋስም የበሰለውን ዘር ይበትናል። በማምባ ድሮኑ ርቆ ሲቆም ክንዱ ብቻ ይጠጋል፤ ቅርንጫፉንም ጨብጦ ስለሚቆርጥ ቁራጩ ባሕር ውስጥ አይገባም።

ለፍለጋ ግን አይሁን፤ ያ የትንሽ ካሜራ ድሮን ሥራ ነው። ጠፍቷል የተባለው ተክል ሂቢስካደልፈስ ዉዲአይ በ2019 እ.ኤ.አ. በካላላው ሸለቆ ዳግም የታየው በካሜራ ድሮን ነበር።

ትልቁ ድክመቱ መብሰሉን በጣት ነክቶ አለማወቁ ነው። ጥሬ ዘር ሲደርቅ ይሞታልና፣ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ካልተለወጠ አለመቁረጥ ይሻላል። በዕለቱ ከበሰለው ዘር ከ20 በመቶ በላይ አይወሰድም የሚለው ደንብም እዚህ ይከብዳል፤ መቁረጫው የፍሬውን ዘለላ በሙሉ ስለሚያነሣ፣ አራት ዘለላ ብቻ ካለው ተክል አንዱ እንኳ ሩቡ ነው። እንዲህ ያለው ቢታለፍ ይሻላል።

ከገደሉ የመጣው ቁራጭ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ዘር በተቃራኒው የወረቀት ከረጢት ይፈልጋል፤ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። በ15 ዲግሪ ሙቀትና በ15 በመቶ የአየር እርጥበት ከደረቀ በኋላ፣ ድርቀትን የሚችል ዝርያ ከሆነ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል።

የባሕር ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት አይበረርም። ከበረራ በኋላ ጨው ሞተሩን እንዳይበላው ጨው በሌለው ውኃ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ። ዓለቱ እንደ ጣሪያ በተዘረጋበት ቦታ ገመዱ ጠርዙ ላይ ስለሚያዝ፣ እዚያ ያለው ተክል አሁንም የባለገመዱ ሥራ ነው።